የኦምዱርማን ልጅና የአምስቱ ትንፋሽ ሙዚቃ

ነጭ ዓባይ ከአገራችን ከሚወርደው ዓባይ ጋር በሚገናኝባት በካርቱም ከተማ ሙዚቃ ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ዘፈን ማለት ነው። በ1940 ዓ. ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው) የተቋቋመው የኦምዱርማን ራዲዮ ጣቢያ የነመሐመድ ወርዲን ድምፅ ከከሰላ አሳልፎ እስከ ሁመራና እስከ መተማ ሲያሰማ፣ ቫዮሊኑም፣ አኮርዲዮኑም፣ ከበሮውም የዘፋኙ አጃቢዎች ነበሩ። ግጥሙ ጌታ፣ መሣሪያው አሽከር ነው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ከተማ ያደገ ወጣት፣ አንድ ቃል የሌለበት፣ ዘፋኝም የማይቆምለት ሙዚቃ እጽፋለሁ ብሎ ቢነሣ ሰሚው ማን ይሆን?

ይህን ጥያቄ በገዛ ሕይወታቸው ከመረመሩት ሱዳናውያን አንዱ በ1958 ዓ. ም. በኦምዱርማን የተወለዱት አሊ ዑስማን ናቸው። በወጣትነታቸው ጊታርና ከበሮ ከሚመቱት ጓደኞቻቸው ጋር በካርቱም ይጫወቱ ነበር። ጊዜው ሻርሐቢል አሕመድ በጊታሩ ካርቱምን ያስጨፈረበት፣ ወጣቱ ሁሉ እርሱን ለመምሰል የሚሽቀዳደምበት ነበርና፣ አሊም በዚያው ቢቀጥሉ ጭብጨባውንም ገንዘቡንም ባላጡ ነበር። እርሳቸው ግን ወደ ካይሮ ወርደው፣ በ1959 ዓ. ም. በተከፈተው የሙዚቃ ኮንሰርቫቷር የድርሰትን ትምህርት ከገማል ዓብደል ራሒም እግር ሥር ተቀምጠው ተማሩ።

የቅኔ ተማሪ የመምህሩን መምህር ጭምር ቈጥሮ እንደሚናገር፣ እኛም የዚህን ትምህርት የትውልድ ሐረግ ብንቈጥር ነገሩ ወደ ሩቅ አገር ይወስደናል። ገማል ዓብደል ራሒም (1924–1988) በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ከሃራልድ ጌንዝመር ተምረዋል። ጌንዝመር ደግሞ በበርሊን የፓውል ሂንደሚት ተማሪ ነበር። ሂንደሚት ማለት በ1922 ዓ. ም. ለአምስት የትንፋሽ መሣሪያዎች አንድ አጭር ድርሰት ጽፎ የዘመኑን ጆሮ ያስደነገጠ ሰው ነው።

አምስቱ መሣሪያዎች ፍሉት፣ ኦቦ፣ ክላሪኔት፣ ሆርንና ባሱን ናቸው። አራቱ በጥንት ሥራቸው የእንጨት ሲሆኑ ሆርን ብቻ የናስ ነው። በእንዲህ ያለ ጉባኤ የሚጻፈው ሙዚቃ ለአገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። የትግራይ እምቢልታ ነፊዎች ሦስት ሆነው ሲቆሙ፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ድምፅ ጥቂት ስለ ሆነ፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው እየተቀበለ ዜማውን ይጨርሱታል። በሱዳንና በኢትዮጵያ ወሰን በሁለቱም በኩል የሚኖረው የበርታ ሕዝብ ከቅል የሚሠራው መለከት ይበልጥ ያስገርማል፤ አንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣልና ዜማው የሚገኘው ነፊዎቹ ሁሉ ተራቸውን ሲጠብቁ ብቻ ነው። የዚህ መለከት ስም ዋዛ ይባላል፤ ነገሩ ግን እንደ አማርኛው ስም ዋዛ አይደለም።

የአውሮጳው የአምስት ትንፋሽ ሙዚቃ በ1810ዎቹ ዓመታት በፓሪስ ይኖር በነበረው በአንቶን ራይሻ እጅ ተስፋፋ፤ እርሱም ሃያ አራት ያህል ድርሰት ጻፈለት። ከዚያ በኋላ የመጡት ታላላቅ ደራስያን ግን ብዙዎቹ ፊታቸውን አዞሩበት። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ቫዮሊንና ዘመዶቹ የአንድ እናት ልጆች ስለ ሆኑ ድምፃቸው ይዋሐዳል፤ አምስቱ ትንፋሾች ግን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጠባይ ይናገራሉ። ኦቦው ያለቅሳል፣ ባሱኑ ያጕረመርማል፣ ፍሉቱ ከሁሉም በላይ ይበራል። መቶ ሰው በሚይዝ ኦርኬስትራ ውስጥ የሚሸሸግ ጕድለት በአምስት ሰው መካከል አይሸሸግም።

ሂንደሚት ይህን መሣሪያ የመረጠው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት የነበረው ሙዚቃ በእንባና በግርማ የተሞላ ነበር፤ እርሱ ደረቅ፣ ፈጣንና ቀልደኛ የሆነ ነገር አቀረበ። በውስጡ የምትገኘው ቫልስ እንኳ የቤተ መንግሥቱን ጭፈራ በትንሿ ፍሉት በፒኮሎ የምታላግጥ ናት። በ1936 ዓ. ም. የናዚ መንግሥት ሥራዎቹ እንዳይሰሙ ከለከለ፤ በ1938 ዓ. ም. አገሩን ትቶ ወደ ስዊስ ሄደ።

በሀንጋሪም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ጆርጅ ሊጌቲ በ1953 ዓ. ም. ለነዚሁ አምስት መሣሪያዎች ስድስት አጫጭር ድርሰቶች አዘጋጀ። የመጀመሪያው በአራት ድምፆች ብቻ የተሠራ ነው፤ ባለ አምስት ድምፁን ዜማችንን ድኻ ነው ለሚሉት ሁሉ ይህን ማሰማት ይበቃል። በ1956 ዓ. ም. በቡዳፔስት ሲቀርቡ ግን አምስቱ ብቻ ተሰሙ፤ ስድስተኛው እርስ በርሱ የሚጋጭ ድምፅ በዝቶበታል ተብሎ ቀረ። ስድስቱም በአንድነት የተሰሙት በ1969 ዓ. ም. በስዊድን ነው። ለስድስተኛው የቀረበችው ምክንያት ሁለት ደቂቃ እንኳ የማትሞላ ሙዚቃን ዐሥራ ሦስት ዓመት አስጠበቀች።

አሁን ወደ ካይሮ እንመለስ። የዓረብ ዜማ በፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚወድቁ ስስ ድምፆች አሉት። ገማል ዓብደል ራሒም የአውሮጳን የድምፅ ስምምነት በዚህ ዜማ ላይ እንደ ተውሶ ካባ መደረብን አልወደዱም፤ ስምምነቱን ከዜማው ከራሱ ለማውጣት ደከሙ። ከካርቱም የሄደው ተማሪ ግን የገጠመው ፈተና ሌላ ነው። የሱዳን ዜማ እንደ ትዝታችን በአምስት ድምፅ የቆመ ነው። በነዚያ አምስት ድምፆች መካከል ግማሽ ድምፅ ስለሌለ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይስማማል፤ ጠብ የሌለበት ተረት ደግሞ አድማጭ አያቆይም። ስለዚህ ደራሲው ጠቡን ከሌላ ስፍራ፣ ከምቱ፣ ከድምፁ መራቅና መቅረብ፣ ቀድሞ ከሚገባውና ዘግይቶ ከሚከተለው መፈለግ አለበት። አምስት ጠባይ ያላቸው አምስት ትንፋሾች ለእንዲህ ያለው ክርክር የተመቹ ናቸው።

ነጂው ሳይኖር መኪናው አይንቀሳቀስምና፣ የነፊው ነገር ከባድ ነው። በካርቱምም በአዲስ አበባም ዘመናዊው የትንፋሽ መሣሪያ የገባው በወታደር ባንድ በኩል ነው። ክላሪኔትና ፍሉት በሰልፍ ይሄዳሉ፤ ኦቦና ባሱን ግን ለሰልፈኛ ስለማይመቹ ወደ ኋላ ቀሩ። ሁለቱ ሳይኖሩ አምስት አይሞላም። በ1969 ዓ. ም. በካርቱም የተቋቋመው የሙዚቃና የድራማ ተቋም ተማሪዎችን ሲያወጣ ኖሮ፣ በ2023 ዓ. ም. በሚያዝያ ወር በከተማይቱ ጦርነት ሲነሣ ብዙ የሙዚቃ ሰዎች ወደ ካይሮና ወደ ሌላም አገር ተበተኑ።

አሊ ዑስማን ይህን አላዩም፤ በጥር ወር 2017 ዓ. ም. በካይሮ አርፈዋል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ግን መልሰውት ሄደዋል። በካይሮ «ብርሃንና ተስፋ» የሚባል የዓይነ ስውራን ሴቶች ማኅበር አለ። በ1961 ዓ. ም. ወይዘሮ ሳምሐ ኤል ኾሊ የተባሉት የሙዚቃ ምሁር፣ የገማል ዓብደል ራሒም ባለቤት፣ በረዱት የሙዚቃ ትምህርት ቤት ውስጥ ልጃገረዶች ቫዮሊንንና የትንፋሽ መሣሪያዎችን ይማሩ ጀመር። የኦምዱርማኑ ልጅ የዚህ ኦርኬስትራ መሪ ሆኑ።

እነዚህ ሴቶች ኖታውን በብሬይል ጽሕፈት በጣታቸው ያነባሉ። ጣት ወረቀቱን ሲዳስስ መሣሪያውን ሊይዝ አይችልምና፣ እያንዳንዷ ድርሻዋን በሙሉ በቃሏ ታጠናለች፤ የጓደኞቿንም ድርሻ በጆሮዋ ትከታተላለች። የመሪው በትር አይታያቸውም። መሪያቸው ቆመው ሲያስጠኑ ጠረጴዛ እየመቱ፣ እየቈጠሩ፣ በድምፅ እየጠሩ ነው። ከዚያ በኋላ በመድረክ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጥተው ይቀመጣሉ፤ የፍሉቷ ነፊ ትንፋሿን ስትስብ ክላሪኔቷ ትሰማታለች፤ በዚያም ይጀምራሉ።