ኃይሉ የሚጓዘው በሽቦው ዙሪያ ነው፦ ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ

ዛሬ ናይሮቢ ውስጥ ከሚበራው መብራት ከፊሉ የሚመጣው ከኢትዮጵያ ወንዞች ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ፣ የደቡብ ኢትዮጵያን ቆላና የሰሜን ኬንያን በረሃ አቋርጦ፣ ከናይሮቢ በስተ ሰሜን ምዕራብ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ወዳለው የሱስዋ ጣቢያ የሚገባው የከፍተኛ ኃይል መስመር 1,045 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ 433ቱ በኢትዮጵያ፣ 612ቱ በኬንያ ምድር ነው። ቮልቴጁ በአንደኛው ወገን ፖዘቲቭ 500 ኪሎ ቮልት፣ በሌላኛው ኔጋቲቭ 500 ኪሎ ቮልት ሲሆን፣ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት እንዲያሻግር ተደርጎ ተሠርቷል። መስመሩ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ነው፤ ኬንያ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋ ዋት፣ ከዚያም 400 ሜጋ ዋት ለመግዛት በ25 ዓመት ውል ተስማምታለች። ስለ መስመሩ ብዙ የተወራው በዋጋውና በዲፕሎማሲው በኩል ነው። እኔ ግን እዚህ ላይ ማስተዋወቅ የምፈልገው የተሠራበትን ቁስ ነው፤ ምክንያቱም ይህን መስመር በደንብ የተመለከተ ሰው ስለ ኤሌክትሪክ ያለውን ግምት ይለውጣል። ብዙዎቻችን ኃይል የሚያደርስልን ሽቦው ነው፣ ስኒ የምንለው ኢንሱሌተር ደግሞ አደጋ ከልካይ ብቻ ነው ብለን እናስባለን። በእውነቱ ግን የማያስተላልፈው ቁስ ከምንሰጠው የበለጠ ክብር ይገባዋል።

ከሽቦው እንጀምር። አሉሚኒየምን አስተላላፊ የሚያደርገው የእያንዳንዱ አቶም ውጫዊ ኤሌክትሮኖች ከአቶማቸው ተላቅቀው በብረቱ ውስጥ እንደ ልብ መንቀሳቀሳቸው ነው። መዳብ ከአሉሚኒየም ይልቅ በተሻለ ያስተላልፋል፤ አሉሚኒየም ግን ክብደቱ ከመዳብ ሲሶ ያህል ብቻ በመሆኑ ከታወር ታወር ለሚዘረጋ ረጅም ሽቦ ይመረጣል፤ እንዳይበጠስም መሃሉ ላይ የብረት ገመድ ይገባበታል። ታዲያ እነዚህ ነፃ ኤሌክትሮኖች ምን ያህል ይፈጥናሉ? በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ውስጥ አንድ አምፔር ሲያልፍ ኤሌክትሮኖቹ በአማካይ የሚገፉት በሰዓት 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚህ አካሄድ ከሶዶ የተነሳ ኤሌክትሮን ሱስዋ ለመድረስ ወደ 1,000 ዓመት ይፈጅበታል። ኃይሉ ግን ይህን ርቀት የሚያቋርጠው በሴኮንድ ሺኛ ክፍሎች ውስጥ ነው። ስለዚህ ኃይልን የሚሸከመው የኤሌክትሮኖቹ ጉዞ አይደለም። ኃይሉ የሚጓዘው ሽቦውን በከበቡት የኤሌክትሪክና የማግኔት መስኮች ውስጥ፣ ማለትም በዙሪያው ባለው አየር በኩል ነው። ሽቦው መስኮቹን ይመራል እንጂ ዋናው መተላለፊያ አይደለም፤ በጥሩ አስተላላፊ ውስጥ የሚቀረው የኤሌክትሪክ መስክ እጅግ ትንሽ ነው፤ ወደ ውስጡ የሚገባው ኃይልም ሽቦውን ከማሞቅ ያለፈ ጥቅም የለውም።

ይህ የመጻሕፍት ቁም ነገር ብቻ ነው፣ መሐንዲሱ የሚጨነቀው ለሽቦው ብክነት ነው የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ያንኑ ነጥብ ያጠናክረዋል። በሽቦ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ኃይል የሚያድገው በከረንቱ ስኩዌር ነው። 2,000 ሜጋ ዋት በሁለቱ ወገኖች (ፖሎች) መካከል ባለው 1,000 ኪሎ ቮልት ሲሻገር ከረንቱ 2,000 አምፔር ነው። ቮልቴጁ አሥር እጥፍ ቢያንስ 20,000 አምፔር ያስፈልግ ነበር፤ በዚያው ሽቦ የሚባክነው ሙቀትም መቶ እጥፍ ይሆን ነበር። ብክነትን የሚቀንሰው እንግዲህ ቮልቴጅን ከፍ ማድረግ ነው። ቮልቴጅ እስከ የት ድረስ ከፍ ማለት እንደሚችል የሚወስነው ደግሞ አሉሚኒየሙ ሳይሆን በዙሪያው ያለው አየርና የተንጠለጠለበት ኢንሱሌተር ነው።

ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ቁስ ዳይኤሌክትሪክ ይባላል። ኤሌክትሮኖቹ ከአቶሞቻቸው ጋር የተቆራኙ ናቸው፤ የኤሌክትሪክ መስክ ሲያርፍባቸው ትንሽ ይሳባሉ እንጂ አይለቁም። በዚያ ሳቢያ ቁሱ ኃይል ያከማቻል። መስኩ ከአቅሙ ሲያልፍ ግን ኤሌክትሮኖቹ ይነቀላሉ፤ ከልካይ የነበረው ቁስ በቅጽበት አስተላላፊ ይሆናል። መብረቅ የዚህ ምስክር ነው። በባሕር ጠለል ላይ ያለ ደረቅ አየር በአንድ ሴንቲ ሜትር 30,000 ቮልት ያህል ይችላል። ናይሮቢ ግን ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላለች፤ አየሯ ከሞምባሳው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ወላይታ ሶዶ ደግሞ ከናይሮቢም ከፍ ትላለች። የሳሳ አየር ቶሎ ይሸነፋል። ስለዚህ በደጋ የሚሠራ መስመር በቆላ ከሚሠራው የበለጠ የአየር ክፍተትና የረዘመ የኢንሱሌተር ሰንሰለት ይፈልጋል። ታወር ላይ የተንጠለጠለውን ሰንሰለት ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ከመስታወት ወይም ከሸክላ የተሠሩ ሳህኖች እርስ በርስ ተያይዘው፣ ከሥራቸው ክብ ክብ ሸንተረር ይዘው ያገኛቸዋል። ሸንተረሩ ለጌጥ አይደለም፤ ከረንት በገጽታው ላይ ሾልኮ እንዳያልፍ መንገዱን ያረዝማል፤ ዝናብ ሲዘንብም ከሥር ደረቅ ቦታ ይተርፋል። እንደዚህ ባለ የቀጥተኛ ከረንት (ዲሲ) መስመር ላይ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ አቅጣጫው የማይለወጥ መስክ አቧራን እየሳበ ስለሚያከማች፣ በረሃማ በሆነው ሰሜን ኬንያ ለወራት የተጠራቀመ አቧራ በመጀመሪያው ካፊያ ሲረጥብ አስተላላፊ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ጥያቄ መስመሩ ለምን በቀጥተኛ ከረንት ወይም በዲሲ ተሠራ የሚለው ነው። በሁለቱም ጫፍ ተለዋዋጩን ከረንት ማለትም ኤሲውን ወደ ዲሲ፣ ዲሲውን ወደ ኤሲ የሚለውጡ ውድ የኮንቨርተር ጣቢያዎች አስፈልገዋል። ለዚህም ጥሩ ማነጻጸሪያ የሚገኘው እዚያው ሱስዋ ነው። ከሎያንጋላኒ የቱርካና ሐይቅን የ310 ሜጋ ዋት ነፋስ ኃይል የሚያመጣው፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው መስመር በ400 ኪሎ ቮልት ኤሲ ነው የሚሠራው። ለዚያ ርቀት ኤሲ ያዋጣል። ርቀቱ ከእጥፍ ሲበልጥ ግን ዳይኤሌክትሪኩ ዋጋውን ይጠይቃል። ኤሲ በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ በሽቦውና በመሬት መካከል ያለው አየር ያለማቋረጥ ይሞላል፣ ይፈሳል፤ መስመሩ የራሱን አየር ለመሙላት የሚወስደው ከረንት ከርዝመቱ ጋር ያድጋል። በዲሲ ግን አየሩ አንዴ ከተሞላ በቃው። ከዚህም ሌላ በኤሲ ኢንሱሌተሩ መሸከም ያለበት ከስሙ ቮልቴጅ በ1.41 እጥፍ የሚበልጠውን ጫፍ ነው፤ በዲሲ የሚሸከመውና ጥቅም የሚሰጠው ቮልቴጅ አንድ ነው። በዚያ ላይ የሁለቱ አገሮች ኔትወርኮች እኩል መምታት አይጠበቅባቸውም፤ የአንዱ መናወጥ በቀጥታ ወደ ሌላው አይሻገርም።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ግን የሰው ነው። በማርሳቢትና በሳምቡሩ ያሉ አርብቶ አደሮች ታወሮቹን ከመንደራቸው አጠገብ ያያሉ፤ መስመሩ ግን ለእነሱ አምፖል አያበራም። ምክንያቱ ክፋት አይደለም። ከ500 ኪሎ ቮልት ዲሲ ላይ ለአንድ መንደር ቅርንጫፍ ለማውጣት ሌላ ኮንቨርተር ጣቢያ መገንባት ግድ ነው፤ ትራንስፎርመር ብቻውን ዲሲን ዝቅ ማድረግ አይችልም። ምክንያቱን ማወቅ ግን ከኃላፊነት አያድንም። ረጅም የዲሲ መስመር የሚያቅድ መንግሥት በመስመሩ ሥር ለሚኖሩት የፀሐይ ኃይል ወይም የአካባቢ ኤሲ መስመር ከመጀመሪያው አብሮ ማቀድ አለበት፤ ይህ የዕቅዱ አካል እንጂ ችሮታ መሆን የለበትም።

ከረንትን ያለ ሬዚስታንስ የሚያሳልፍ ቁስ፣ ማለትም ሱፐርኮንዳክተር፣ ብንጠቀም ይህ ሁሉ አያስፈልግም ነበር የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1911 ሳይንቲስቱ ካመርሊንግ ኦነስ ላይደን ውስጥ ሜርኩሪን ከዜሮ በታች ወደ 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ድንገት ጠፋ። በ1933 ደግሞ ማይስነርና ኦክሰንፌልድ እንዲህ ያለው ቁስ የማግኔት መስክን ከውስጡ እንደሚያስወጣ አሳዩ፤ ስለዚህ ሱፐርኮንዳክተር በጣም ጥሩ አስተላላፊ ማለት ብቻ ሳይሆን ራሱን የቻለ የቁስ ጠባይ ነው። በ1986 ቤድኖርዝና ሙለር ይህን ጠባይ በሴራሚክ ውስጥ ሲያገኙ፣ በተከታዩ ዓመት በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ ብቻ የሚበቃቸው ሴራሚኮች ተገኙ። ይህ ነገር ከናይሮቢም ሩቅ አይደለም፤ በከተማዋ ሆስፒታሎች ያሉ አብዛኞቹ ትልልቅ የኤም አር አይ ማሽኖች ማግኔት የተጠመጠመው በሂሊየም በሚቀዘቅዝ የኒዮቢየምና የታይታኒየም ሽቦ ነው። የጀርመኗ ኤሰን ከተማም በ2014 አንድ ኪሎ ሜትር የሚረዝም የ10 ኪሎ ቮልት ሱፐርኮንዳክተር ኬብል ዘርግታ ነበር። ቦታ በጠበበበት ከተማ ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። ከሶዶ እስከ ሱስዋ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ጥሩ የዲሲ መስመር በ1,000 ኪሎ ሜትር የሚያባክነው በተለመደው ግምት ከመቶ ሦስትና አራት እጅ ያህል ነው፤ ያንን ለማትረፍ ሺህ ኪሎ ሜትር ሙሉ በረሃ ውስጥ ቅዝቃዜን ሌት ተቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። ደግሞም ሬዚስታንስ የሌለው ኬብልም ቮልቴጁን የሚችል ዳይኤሌክትሪክ ያሻዋል። ሱፐርኮንዳክተር ሽቦውን ቢተካ እንኳ ሽቦውን የከበበውን ነገር ከሥራ አያሰናብትም።

የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ኔትወርኮቻቸውን ለማያያዝ የተነሱበት ዘመን ላይ ነን፤ ለዚህ የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት መቀመጫም አዲስ አበባ ነው። ሌሎች ረጅም መስመሮችም ይመጣሉ። ስለእነሱ ስንት ሜጋ ዋት ብለን እንደምንጠይቅ ሁሉ ኢንሱሌተሮቹን ማን ያጥባል፣ ማን ይመረምራል፣ ለደጋው አየርና ለበረሃው አቧራ ታስበው ተመርጠዋል ወይ ብለንም መጠየቅ ይገባናል። በአዲስ አበባም በናይሮቢም የሚማሩ ወጣት መሐንዲሶች የከፍተኛ ቮልቴጅ ኢንሱሌሽንን ዋና ሙያ አድርገው እንዲይዙት ማበረታታት፣ ላቦራቶሪም መገንባት ያስፈልጋል። ሽቦ ገዝቶ ማምጣት ይቻላል፤ የራሳችንን አየር፣ አቧራና ከፍታ የሚያውቅ ባለሙያ ግን ማፍራት ያለብን እኛው ነን።