ድንኳን የበላው ሻጋታ



የጥጥ ሸራ እርጥበት ሲያገኘው ምን እንደሚሆን ድንኳን ተክሎ የከረመ ሁሉ ያውቃል። መጀመሪያ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ቀጥሎ ይሸታል፣ በመጨረሻም ሲስቡት እንደ ወረቀት ይቀደዳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በደቡብ ፓስፊክ ደሴቶች የሰፈረው የአሜሪካ ጦር ድንኳኑም ልብሱም በዚህ አኳኋን አለቀበት። ነገሩን እንዲመረምሩ ከተመደቡት ሊቃውንት አንዱ ኤልዊን ሪስ ነበሩ። ዛሬ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ሥር ካለችው ከቡገንቪል ደሴት በመጣ የበሰበሰ ሸራ ላይ አንድ አረንጓዴ ሻጋታ ተገኘ።

የሪስ ሥራ ብስባሴውን ማስቆም ነበር። ለማስቆም ግን ሻጋታው እንዴት እንደሚበላ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጥጥ፣ ገለባ፣ እንጨትና ወረቀት በብዛት የተሠሩት ሴሉሎስ ከሚባል ነገር ነው። ሴሉሎስ ደግሞ ግሉኮስ የተባለው ስኳር እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተያይዞ የተሠራ ረጅም ሰንሰለት ነው። የእህል ስታርችም ከዚሁ ስኳር ይሠራል፤ ልዩነቱ ዶቃዎቹ የተያያዙበት መንገድ ነው። የእኛ ሆድ የስታርችን ማያያዣ ሲፈታ የሴሉሎስን መፍታት አይችልም። በሬ እንኳ ገለባ የሚጠቀመው በራሱ ኀይል አይደለም፤ በሆዱ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቃን ሕዋሳት ስለሚፈቱለት ነው። ሪስና ባልደረቦቻቸው በ1950 (እ.ኤ.አ.) እንዳስረዱት ይህን ሥራ አንድ ኢንዛይም ብቻውን አይወጣውም፤ አንዱ የታጨቀውን ሲያላላ ሌላው ይቆራርጣል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ተገለበጠ። በማሳቹሴትስ፣ ናቲክ በሚገኘው የጦሩ ቤተ ሙከራ ሪስና ሜሪ ማንደልስ ሻጋታውን ማጥፋት ትተው ያረቡት ጀመር። በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲንር ሐሳቡ ብዙ ሰሚ አገኘ፤ የተጣለ ወረቀት ወደ ስኳር፣ ስኳሩም በእርሾ ወደ አልኮል ሊለወጥ ይችላል ተባለ። በ1977 ሻጋታው ለሪስ ክብር ትራይኮደርማ ሪሲ ተብሎ ተሰየመ። በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በአልትራቫዮሌት ብርሃንና በኬሚካል አማካይነት ኢንዛይሙን እጅግ አብልጦ የሚያመነጭ ዘር ወጣለት።

ዛሬ ኢንዛይሙ ጂንስ ሱሪ ለማለስለስ፣ በልብስ ማጠቢያ ሳሙናና በከብት መኖ ውስጥ ይሠራል። በእኛ አስተያየት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን የታሰበው ነዳጅ ነበር። እዚያ ላይ መንገዱ ጠበበ። በገለባ ውስጥ ሊግኒን የሚባል እንደ ሙጫ ያለ ነገር ሴሉሎሱን ሸፍኖ ስለሚይዝ ኢንዛይሙ ከመግባቱ በፊት በሙቀትና በኬሚካል ማላላት ያስፈልጋል። ኢንዛይሙም ዋጋ አለው። ገለባውን ከየማሳው ሰብስቦ፣ አድርቆና አጓጉዞ ማድረስም ራሱን የቻለ ወጪ ነው። በ2015 በአሜሪካ በአዮዋ ክፍለ ሀገር ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ከበቆሎ አገዳ በዓመት 30 ሚሊዮን ጋሎን አልኮል እንዲያወጣ የታቀደ ትልቅ ፋብሪካ መረቀ፤ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ለመሸጥ መወሰኑን አስታወቀ። በ2018 የገዛው የጀርመን ኩባንያ ከዚያው አገዳ አልኮሉን ትቶ ባዮጋዝ ማምረት ያዘ።