በመለኪያው ውስጥ ያለው ፍርድ

አንቶኒ አትኪንሰን በብሪታኒያው ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሲሆኑ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም፤ የዶክትሬት ዲግሪም አልነበራቸውም። 

በ1944 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በዌልስ ተወለዱ። ካምብሪጅ የገቡት ሒሳብ ሊማሩ ነበር፤ ኋላ ግን ወደ ምጣኔ ሀብት ዞሩ። በዚያ ዘመን ብዙው ብሪታኒያዊ፣ ከጦርነቱ በኋላ የተዘረጋው የማኅበራዊ ዋስትና ድህነትን ከአገሩ እንዳጠፋ ያምን ነበር። በ1965 ግን ብራያን አቤል ስሚዝና ፒተር ታውንሴንድ የተባሉ ምሁራን ሚሊዮኖች አሁንም በችግር እንደሚኖሩ በአኃዝ አሳዩ። ጥናቱ ወጣቱን አትኪንሰንን ነካቸው። በ1969 የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፋቸውም ስለ ብሪታኒያ ድህነትና ስለ ማኅበራዊ ዋስትና መሻሻል የሚናገር ነበር።

ስማቸውን በዓለም ያስጠራው የገቢ ልዩነትን ስለ መለካት በ1970 ያወጡት ጽሑፍ ነው። እስከዚያ ድረስ የገቢ ልዩነት እንደ ጂኒ ባሉ መለኪያዎች ይሰላ ነበር፤ ውጤቱም ለማንም እንደማያዳላ ቁጥር ይቆጠር ነበር። አትኪንሰን የ12 አገሮችን የገቢ ክፍፍል ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያነጻጽሩ፣ ከብዙዎቹ ጥንዶች የትኛው አገር ይበልጥ እኩል እንደሆነ ሒሳቡ ብቻውን ሊወስን እንደማይችል አረጋገጡ። ለድሃ የሚጨመር አንድ ፓውንድ ለሀብታም ከሚጨመረው በምን ያህል ይበልጣል? ይህን የሚወስነው ሰው ነው። ከመለኪያው ጀርባ ሁልጊዜ ፍርድ አለ፤ ችግሩ ፍርዱ አለመታየቱ ነበር።

እሳቸው ፍርዱን አውጥተው ቀመሩ ውስጥ በግልጽ አስገቡት። አንድ ሰው 2 ሺህ፣ ሌላው 8 ሺህ ፓውንድ ያገኛል እንበል። አማካዩ 5 ሺህ ነው። በቀመሩ ውስጥ ለድሃው የሚሰጠውን ተጨማሪ ክብደት አንድ ብንለው፣ ለሁለቱም እኩል 4 ሺህ ቢደርሳቸው ማኅበረሰቡ ከአሁኑ የባሰ አይሆንም። ልዩነቱ ከጠቅላላው ገቢ 20 በመቶውን እንደ ማባከን ነው ማለት ነው። ክብደቱን ሁለት ስናደርገው ደግሞ 3 ሺህ 200 ይበቃል፤ ብክነቱም ወደ 36 በመቶ ያድጋል። ለድሃው ምንም ተጨማሪ ክብደት ለማይሰጥ ሰው ብክነቱ ዜሮ ነው። ቁጥሩን የሚጠቅስ ሁሉ ለድሃው ምን ያህል እንደሚያስብ አብሮ እንዲናገር ይገደዳል። ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ መለኪያ ማግኘት ይከብዳል።

ቀመሩ መረጃ ይፈልጋል፤ የቤት ለቤት መጠይቅ ደግሞ ባለጠጎችን በቅጡ አያገኛቸውም። ስለዚህ አትኪንሰን የግብር መዛግብትን መመርመር ያዙ። ከቶማ ፒኬቲ፣ ከኢማኑኤል ሳኤዝና ከፋኩንዶ አልቫሬዶ ጋር ሆነውም በ2011 የብዙ አገሮችን ከፍተኛ ገቢዎች የሚያሳይ የመረጃ ቋት ለሕዝብ ክፍት አደረጉ።

በ1980ዎቹ በብሪታኒያ የገቢ ልዩነት በፍጥነት ሰፋ። በ1979 በከፍተኛ ደመወዝ ላይ 83 በመቶ የነበረው የግብር ጣሪያ በ1988 ወደ 40 በመቶ ወርዶ ነበር። ብዙዎች ለልዩነቱ መስፋት ቴክኖሎጂንና የዓለም ንግድን ተጠያቂ ሲያደርጉ፣ አትኪንሰን የመንግሥት ውሳኔም ድርሻ እንዳለው፣ በውሳኔ የመጣውም በውሳኔ እንደሚስተካከል አጥብቀው ተከራከሩ። በ2017 መጀመሪያ ከማረፋቸው ከሁለት ዓመት ገደማ በፊት ባሳተሙት መጽሐፍ 15 ሐሳቦችን አቀረቡ። ከነዚህ አንዱ የግብሩ ጣሪያ ወደ 65 በመቶ ከፍ እንዲል የሚጠይቅ ነው። ሌላው ደግሞ እያንዳንዱ ወጣት ለአካለ መጠን ሲደርስ ከመንግሥት የመነሻ ገንዘብ እንዲቀበል ነው፤ ወላጆቹ የሚያወርሱት ነገር ባይኖራቸውም እንኳ።