ጩኮን ሳይተዉ ክብደት መቀነስ

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ አሰላ አካባቢ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። ብዙዎቻችን ግን ገበያ የምንሄደው በባጃጅ ነው፤ ጩኮውን ደግሞ አልተውንም።

የጩኮው ገብስ ጥፋት የለበትም። ነገሩ ያለው ቅቤው ላይ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ብቻ 100 ካሎሪ ያህል ይይዛል። ይሁንና ቅቤን ጨርሶ እርም ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ይመለስበታል። በችኮላ የከሳም ከስቡ ጋር ጡንቻውን ያጣል። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ይበቃል። ጩኮው ለዒድና ለእንግዳ ይቆይ፤ የገንፎው ቅቤ በግማሽ ይቀነስ፤ መስጂድም በእግር ይኬድ።

የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ግን ምግብ ከመቀነሳቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ የደማቸው ስኳር ከመጠን በታች ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ።