ያልተነበቡት 97 መልእክቶች

አንድ ተማሪ በድረ ገጽ አማካይነት ለኮርስ ሊመዘገብ ቅጹን ሞልቶ ሲልክ «ይቅርታ፣ ስህተት ተፈጥሯል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ቢመጣለት መበሳጨቱ አይቀርም። የመልእክቱ ማጠር ግን በራሱ ጥፋት አይደለም። ዝርዝሩን ለተጠቃሚው ገልጦ ማሳየት የመረጃ ቋቱን አወቃቀር ለሰርጎ ገብ አሳልፎ መስጠት ሊሆን ይችላል። ስህተቱ የደረሰበት ሰዓትና የተቋረጠው ተግባር ሊገኙ የሚገባው በሰርቨሩ ውስጥ፣ ባለሙያዎች «ሎግ» በሚሉት መዝገብ ላይ ነው።

መዝገቡ ሁሉንም ክስተት በእኩል ዐይን አያይም። ኤሪክ አልማን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሴንድሜይል ከተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ጋር ያዘጋጀው ሲስሎግ የተሰኘው አሠራር መልእክቶችን በክብደታቸው ከ0 እስከ 7 በስምንት ደረጃዎች ይከፍላል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጉዳዩ ይከብዳል። 3 ስህተት፣ 4 ማስጠንቀቂያ ነው። የተማሪው ምዝገባ ከተቋረጠ ስህተት ይባላል፤ በሁለተኛው ሙከራ ከተሳካ ወይም የሰርቨሩ ዲስክ ሊሞላ ከተቃረበ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። በእኛ አስተያየት ይበልጥ የሚያሳስበው ይህ ሁለተኛው ነው። ሥራው ስለማይቆም የሚያነበው አይገኝምና።

ይህ ቸልተኝነት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማሳየት ከድረ ገጽ ዓለም ጥቂት ወጣ እንበል። ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ግብይት ኩባንያ ኦገስት 1 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው አዲሱ ፕሮግራም ከስምንት ሰርቨሮች በሰባቱ ላይ ብቻ ተጭኖ ነበር። በስምንተኛው ላይ ከ2003 ወዲህ ያልተሠራበት «ፓወር ፔግ» የተሰኘ አሮጌ ኮድ ቀርቶ ነበር። ገበያው ከመከፈቱ በፊት የኩባንያው ሥርዓት ይህንኑ ስም የሚጠቅሱ 97 ኢሜይሎችን ለሠራተኞች ላከ። ይሁን እንጂ መልእክቶቹ ለማንቂያነት የታሰቡ ስላልነበሩ ሠራተኞቹ እንደደረሱ የማንበብ ልማድ አልነበራቸውም። ገበያው ተከፈተ፤ አሮጌው ኮድ ያልተፈለጉ ትእዛዞችን ያዥጎደጉድ ጀመር። በ45 ደቂቃ ያህል ጊዜ በተሠራው ስህተት ኩባንያው ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ።

እንግዲህ መልእክቱ ነበረ፤ ያልነበረው ተቀባይ ነው። በመሆኑም የድረ ገጽ ፕሮግራም የሚጽፉ ወጣቶቻችን እያንዳንዱን ማስጠንቀቂያ ሲያስገቡ ማን እንደሚያየው፣ አይቶስ ምን እንደሚያደርግ አብረው ቢወስኑ መልካም ነው። መልስ የሌለው ማስጠንቀቂያ ደረጃው ዝቅ ይበል። ተመሳሳዩ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ደግሞ ሺህ መስመር ከመደርደር ይልቅ ተጠቃሎ በቁጥር ይቅረብ።

ሁሉን መጻፍም የራሱ መዘዝ አለው። ትዊተር በሜይ 2018 እንዳስታወቀው የተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል ወደማይነበብ ኮድ ከመለወጡ አስቀድሞ እንዳለ በውስጥ መዝገቡ ላይ ይጻፍ ነበር። ኩባንያው ቃሉ ወደ ውጭ ስለመውጣቱ ምልክት አላገኘሁም ቢልም፣ ተጠቃሚዎቹ ሁሉ የይለፍ ቃላቸውን ለመቀየር እንዲያስቡበት መክሯል። ያን ጊዜ ቁጥራቸው ከ330 ሚሊዮን በላይ ነበር።