ከባሕሩ 60 ኪሎ ሜትር

ከሰበታ ተነሥቶ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው የኤሌክትሪክ ባቡር መድረሻው ጅቡቲ እንጂ አሰብ ያልሆነበትን ምክንያት ብዙ ሰው ከ1993ቱ የኤርትራ ነጻነት ጋር ብቻ ያያይዘዋል (ዓመታቱ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ይሁንና ያ ዓመት አዲስ መስመር አላሠመረም፤ ተኝቶ የኖረውን አሮጌ መስመር ቀሰቀሰ እንጂ።

አሰብ፣ ራሃይታና ኦቦክ የሚገኙበት የአፋር ጠረፍ፣ በቆየው አጠራር የደንከል ባሕር ዳርቻ፣ ዛሬ በኤርትራና በጅቡቲ ተከፍሏል። ፈረንሳይ በ1862 ኦቦክን፣ ሩባቲኖ የተባለው የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ በ1869 አሰብን ከአካባቢው ሹማምንት ሲገዙ የፈለጉት አገር ሳይሆን መርከብ የድንጋይ ከሰል የሚጭንበት ማረፊያ ነበር፤ ፈረንሳይና ጣሊያን ወሰናቸው ከራስ ዱሜራ ርእሰ ምድር እንዲነሣ በ1900 እና በ1901 የተስማሙትም አፋሮችን ሳይጠይቁ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ተገቢውን ትኩረት ያላገኘው ግን የ1908ቱ የኢትዮጵያና የጣሊያን ውል ነው። በሌላው ግንባር መረብን፣ በለሳንና ሙናን የመሳሰሉ ወንዞች ቀድሞውኑ ወሰን ሆነው ሳለ፣ በአፋር በረሃ ድንበሩ ከባሕሩ 60 ኪሎ ሜትር ርቆ ከጠረፉ ጋር ጎን ለጎን እንዲሄድ ተወሰነ። የውኃ ጉድጓዱን፣ የግጦሹንና የጨው መንገዱን የሚያውቅ አርብቶ አደር እንዲህ ያለ ወሰን ሊያስብ አይችልም፤ ይህ ከመርከብ ላይ ሆኖ ወደ የብስ የሚመለከት ሰው ልኬት ነው። ዐፄ ምኒልክ ባሕሩን ሰጡ የሚለው ተደጋጋሚ ክስም እዚህ ላይ ይሳሳል፤ የጣሊያን መንግሥት አሰብን በእጁ ካደረገ በ1908 ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አልፎት ነበርና፣ ለድርድር የቀረበው ባሕሩ ሳይሆን ከባሕሩ ኋላ ያለው መሬት ስፋት ነበር።

የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን በ2002 ይህንኑ 60 ኪሎ ሜትር አጸና፤ በአሰብ መንገድ ላይ ባለችው ቡሬ ብቻ ልኬቱን ትቶ መስመሩን በሁለቱ አገሮች የፍተሻ ኬላዎች መካከል አሳለፈው። አሰብ ግን ቀድሞ፣ በ1998ቱ ጦርነት፣ ለኢትዮጵያ ተዘግቶ ስለነበር፣ ዛሬ በቡራዩና በሱሉልታ ማደያዎች የሚቀዳው ነዳጅ በቦቴ ተጭኖ የሚመጣው ከጅቡቲ ነው። ከ2023 ወዲህ ስለ ቀይ ባሕር የሚነሣው ክርክር በአብዛኛው የማን ነበር በሚለው ላይ ያተኩራል፤ ይህ ጥያቄ ስሜትን ያነሣሣል፣ ነገር ግን ወደብን ወደብ የሚያደርገው መንገዱ ስለመሆኑ ብዙም አይናገርም። በድንበሩ በሁለቱም በኩል ዘመድ ያለው የአፋር ዓሣ አጥማጅ ደግሞ በክርክሩ ውስጥ ስሙ እምብዛም አይነሣም፤ ኤርትራና ጅቡቲ በ2008 በራስ ዱሜራ ሲዋጉም እንዲሁ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ የቡሬ መንገድ ተከፈተ፤ ዓመት ሳይሞላውም ተመልሶ ተዘጋ። ዲቼቶ አካባቢ፣ የአሰብና የጅቡቲ መንገዶች በሚለያዩበት፣ ከባድ መኪናው ሁሉ ዛሬም ወደ ገላፊ ይታጠፋል።