በእጅ የማይከፈት በር

እኔ ሰሜን ወሎ፣ መርሳ ውስጥ ብረት በያጅ ነኝ። በር፣ መስኮት፣ የደረጃ መደገፊያ እሠራለሁ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በሪሞት የሚከፈት የግቢ በር የሚያሠራ ሰው ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። ከሳዑዲ ተመልሶ ቤት የሠራው፣ አዲስ አበባ ነግዶ የተሳካለት፣ ልጁ ከውጭ ገንዘብ የሚልክለት አባት ግቢውን አጥሮ ሲጨርስ «ሞተር ይግባለት» ይላል። ያምራል። በዝናብ ከመኪናው ሳይወርድ ለሚገባ ሰውም ትልቅ ምቾት ነው፤ ይህን አልቃወምም። የምቃወመው ሞተሩ እምቢ ባለ ቀን ሰው በገዛ ግቢው የሚታሰርበትን አሠራር ነው።

አንድ ክረምት ማታ ከአስፋልቱ በላይ ካለው ሰፈር ተጠራሁ። መብራት ከጠፋ ቆይቷል። ግቢው ውስጥ ምጥ የያዛት ምራት መኪና ላይ ተቀምጣለች፤ አማቷ ደግፈዋታል። በሩ ንቅንቅ አይልም። የቤቱ ጌታ አዲስ አበባ ነው፤ የሞተሩ መፍቻ ቁልፍም ከእሱ ጋር ሄዷል። ለሰው መግቢያ የምትሆን ትንሽ በር እንኳ አልወጣችለትም፤ መልኩን ታበላሻለች ተብሎ ቀርታለች። የጎረቤት ጎረምሶች ትከሻቸውን ሰጥተው ይገፋሉ፣ በሩ ይንቋቋል እንጂ አይሄድም። «ልጄ፣ ቁረጠው በቃ! በሩ ይቅርብን» አሉኝ ሽማግሌው አማቷ። መብራት በሌለበት በምን ይቆረጣል? በአጥሩ ዘልዬ ገባሁና በስልክ መብራት ከበሩ ግርጌ የታሰረውን ባለጥርስ ብረት ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። ዝገዋል፤ ሁለቱን በመዶሻ ነው የበጠስኳቸው። ባለጥርሱ ብረት ከሞተሩ ሲላቀቅ ያ ሁሉ ጎረምሳ ያልነቀነቀው በር በአንድ ሰው ግፊት ተንሸራተተ። ምራቲቱ ወልድያ ሆስፒታል ደርሳ በሰላም ተገላገለች። ሠላሳ ኪሎ ሜትር መንገድ ከፊቷ እያለ ያን ያህል ጊዜ የበላባት ግን የራሷ ቤት በር ነው።

ጎረምሶቹ ጉልበት አንሷቸው አልነበረም። ሞተሩ ውስጥ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ዘንግና ከእሱ ጋር የተያያዘ ክብ ጥርስ አለ፤ ዘንጉ ጥርሱን ያዞራል፣ ጥርሱ ግን ዘንጉን ማዞር አይችልም። ሌባ ከውጭ ገፍቶ እንዳይከፍት የሚያደርገው ይኸው ነው፤ ሞተሩ ራሱ ቁልፍ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሞተር ጎኑ ላይ በትንሽ ቁልፍ የሚከፈት መፍቻ ይሠራለታል። መፍቻው ሲዞር ጥርሱ ከሞተሩ ይላቀቅና በሩ ተራ ተንሸራታች በር ይሆናል። ብዙ ቤት ግን ይህ ቁልፍ ከመጣበት ካርቶን ጋር ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፣ ወይም እንዳለ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።

የብልሽቱ ዋና ምንጭ መብራቱ ነው። የእኛ መስመር በ220 ቮልት የተሰላ ነው። ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጥድ ቮልቱ ይወርዳል፤ አንድ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። የእነዚህ ሞተሮች ጉልበት ደግሞ ከቮልቱ በበለጠ ፍጥነት ነው የሚወድቀው። 220 የነበረው 160 ሲሆን ጉልበቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ያኔ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ይግላል፣ በሩን መሀል ላይ ጥሎት ይቆማል። ሰውየው ሪሞቱን ደጋግሞ ይጫናል፤ ሞተሩ ይብሱን ይግላል። ከዚያ የባሰው መብራት ሄዶ ሲመለስ ነው። በሚመለስበት ቅጽበት የሚገባው ከፍተኛ ቮልት ቦርዱን ያቃጥላል። እኔ የማያቸው የተቃጠሉ ቦርዶች በብዛት የዚህ ውጤት ናቸው። ቴሌቪዥንና ፍሪጅ መከላከያ ይገዛላቸዋል፤ በሩ ላይ ያለው ቦርድ ግን ያለምንም መከላከያ በቀጥታ ይገጠማል።

ባትሪ ያለው ሞተር አለ። በ24 ቮልት ይሠራል፣ ሁለት ባለ12 ቮልት ትንንሽ ባትሪ ይይዛል፣ መብራት ሲጠፋ ለተወሰነ ጊዜ ይከፍታል ይዘጋል። ለእኛ አገር የሚመከረው ይኼኛው ነው። ሆኖም ባትሪውን የእኛ ቆላ ፀሐይ ቶሎ ይገድለዋል፤ በተለይ ሞተሩ ጥላ ከሌለው። የቆየ ባትሪ ደግሞ የሚያስፈልገው ቀን ላይ ባዶ ሆኖ ይገኛል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነት ምክንያት ሰሜን ወሎ ለወራት ያለ መብራት ሲከርም የትኛውም ባትሪ ለዚያ የሚበቃ አልነበረም። ያኔ የሠራው መቀርቀሪያና ጓጉንቸር ነው።

ሞተሩን የሚያበላሽ ጉንዳንም አለ። የሞተሩ ሣጥን ሞቅ ያለና ደረቅ ስለሆነ ክረምት ሲገባ ጉንዳን ይሰፍርበታል፣ እንሽላሊትም ይገባበታል። ሽቦ የገባበትን ቀዳዳ በሲሊኮን መድፈን ቀላል ሥራ ነው፤ የሚሠራው ግን ጥቂት ነው።

ሞተሩ የሚወቀስበት ሌላው ጥፋት የእኛ የበያጆቹ ነው። ደንበኛ ወፍራም ላሜራ ይወዳል። አራት ሜትር ስፋት፣ ሁለት ሜትር ተኩል ቁመት ያለው በር በ1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ አንድ ጎኑ ሲለበስ ላሜራው ብቻ 118 ኪሎ ይሆናል። ሁለቱም ጎን ሲለበስ እጥፍ ነው፤ ቱቦላሬው፣ ጌጡና ቀለሙ ገና አልተቆጠረም። ይህን የሚሸከሙት ከታች ያሉት ጎማዎችና በውስጣቸው ያለው ኩሽኔታ ነው። ርካሽ ኩሽኔታ አቧራ ሲገባበት ይነክሳል፣ በሩ ይከብዳል፣ ሞተሩ በየቀኑ ከአቅሙ በላይ ይጎትታል። በሕፃን እጅ የሚገፋ በር ላይ የተገጠመ ሞተር ዓመታት ይቆያል። ለዚህ ነው በሩን ሳልገፋ ሞተሩን የማላየው።

የሪሞቱም ነገር መታወቅ አለበት። የበር ሞተር አዲስ ነገር አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ የጋራዥ በር በኤሌክትሪክ መክፈት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። ሪሞት ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ የጎረቤትን በር ይከፍቱ ነበር። ከዚያ ስምንት ወይም ከዚያ በላይ ትንንሽ ማብሪያ ያላቸው መጡ፤ ስምንቱ የሚሰጡት 256 ዓይነት ኮድ ብቻ ነው። ኮዱ የማይለወጥ ሪሞት ዛሬም ገበያ ላይ ይሸጣል፣ በቀላሉም ይገለበጣል። በየጊዜው ኮዱን የሚለዋውጠው ዓይነት ግን እንዲህ በዋዛ አይገለበጥም። ስትገዙ ሻጩን ጠይቁ፤ ዋጋው ቢበልጥም የቤታችሁ ቁልፍ ነው።

በገዛ በር መታሰር የሚያስቸግረው የእኛን አገር ሰው ብቻ አይደለም። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2017 በተነሣው የሰደድ እሳት መብራት ጠፍቶ የጋራዥ በራቸውን መክፈት ያቃታቸው ሰዎች ነበሩ። ግዛቲቱ ሕግ አወጣች፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2019 ጀምሮ ለመኖሪያ ቤት የሚሸጥ የጋራዥ በር ሞተር ባትሪ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። ሕፃናት በበር እየተጨፈለቁ በመሞታቸውም አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የሚሠሩ የጋራዥ በር ሞተሮች ሰው ወይም ዕቃ ሲያገኙ የሚመለሱ እንዲሆኑ አስገድዳለች። ብሪታንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 በቀናት ልዩነት ሁለት ሕፃናት በኤሌክትሪክ የግቢ በር ተጨፍልቀው ሞተዋል። በሩ ግራና ቀኝ የሚቆሙት ሁለት ትንንሽ የብርሃን ዓይኖች ለዚህ የተሠሩ ናቸው። አቧራ ሲሸፍናቸው በሩ አልዘጋ ይላል፤ ያኔ አንዳንድ ባለሙያ ሽቦውን በማገናኘት ያልፋቸዋል። ይህን የሚያደርግ ባለሙያ ግቢያችሁ እንዳይገባ። ዓይኑ በጨርቅ ይወለወላል፣ በቃ።

መርሳ ከተራራው ሥር ስለሆነች ዳገት ላይ የተሠራ በርም ብዙ ነው። እዚያ መፍቻው ሲዞር በሩ ቁልቁል ይሮጣል። ከሀዲዱ ወጥቶ ሰው ላይ እንዳይወድቅ በሁለቱም ጫፍ ጠንካራ መቆሚያ መበየድ አለበት።

ሞተር ልታስገጥሙ ያሰባችሁ፣ በሩ መጀመሪያ በእጅ ይሥራ፤ በቤቱ ያሉት አዛውንት እናት ገፍተው ይሞክሩት። ለሰው መግቢያ ትንሽ በር አትንፈጉት። ያስገጠማችሁም ሰዎች፣ ነገ ጠዋት መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉና በሩን ክፈቱት። መፍቻ ቁልፉን አስቀርፃችሁ አንዱን ሁሉም በሚደርስበት ቦታ ከውስጥ ስቀሉት፤ ለሚስትም፣ ለልጅም፣ ለሠራተኛም እንዴት እንደሚዞር አሳዩአቸው።